ሠላሳ አንደኛው ጥርስ

ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ባዘዘው፣ ድሬዳዋ

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? እንኳን ከክረምቱ ጭቃ ወደ መስቀሉ አበባ በሰላም አሸጋገረዎ። እኔም፣ ባለቤቴ አሰገደችም፣ ልጆቹም ደኅና ነን። ለሰኔው ደብዳቤዎ እስከ ዛሬ መልስ ባለመስጠቴ ከእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰበብ እንዳልደረድር ደግሞ፣ እርስዎ ዘንድ ሙያ ስማር ሰበብ ስደረድር ምን ይሉኝ እንደነበር አልረሳሁትም።

«ቶርኖዋን ሸጥካት ወይስ ዛገችብህ?» ላሉኝ፣ አልሸጥኳትም፤ አልዛገችምም። ሲሄዱ የተዉልኝ ያቺ በእግር የምትረገጥ ቶርኖ ዛሬም ብረት ትልጣለች። ያለችው ከአብማ ማርያም በታች፣ በቤቴ ጓሮ በሠራሁት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው። በሥራ ቀን ጋራዥ እውላለሁ፤ ከሥራ መልስና ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ዘንድ ነኝ። አሰገደች «ጣውንቴ» ትላታለች። አንዳንድ ቀን የምሯን ይመስለኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቶርኖ ክብ ይሠራል እንጂ ክቡን እኩል ለእኩል አያካፍልም። ለዚያ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ትልልቅ ጋራዦች ከውጭ ያስመጣሉ፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ይጁቤ ገበያ ወርጄ አንድ የተጣመመ የብስክሌት ቸርኬ አገኘሁ። ቸርኬ ዙሪያውን የራጂዎቹ፣ የሽቦ ዘንጎቹ፣ መግቢያ የሆነ ሠላሳ ስድስት ቀዳዳ አለው። አቃናሁትና ከቶርኖዋ ዘንግ ጀርባ አሰርኩት፤ ከጎኑ አንድ ምስማር አቆምኩለት። ምስማሩን ቀዳዳ ውስጥ ስከተው ዘንጉ ቀጥ ይላል፤ አውጥቼ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ሳዞረው ከሠላሳ ስድስት አንድ እጅ ይሄዳል። ስሙን «ክብ ማካፈያ» ብዬዋለሁ። ስድስት ጎን ያለው የብሎን ራስ ሠርቼበት፣ ያየው ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ ነው አለ።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት አንድ ሥራ መጣና ኩራቴን አበረደው። ሁለት ሰው የሚያዞረው የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነው። የትልቁ ማርሽ አራት ጥርስ ረግፏል፤ እንዳለ በአዲስ ማርሽ መተካት አለበት። የመጭመቂያው ባለቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፤ ጾም በገባ ቁጥር አገሩ ሁሉ ዘይት የሚገዛው ከእሷ ነው። እስከ ሁዳዴ መግቢያ ካልተጠገነላት መጭመቂያውን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው ለደርቤ ሰጥታ፣ መርጡለ ማርያም ገብታ ልትመነኩስ ቆርጣለች። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለችና እሱን አይጠይቁኝ።

ማርሹ ከረገፉት ጋር ሠላሳ አንድ ጥርስ ነው ያለው። ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። በሠላሳ ስድስት ቀዳዳ ሠላሳ አንድ ጥርስ እንዴት ይወጣል? ቸርኬዬም ቢሆን ሲቆረጥበት ይወዛወዛል። ምን ይሻለኛል?

ተማሪዎ ድረስ


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለድረስ

ሰላምታህ ደርሶኛል። እኔም ከዚህ ሙቀት በቀር ደኅና ነኝ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብል እዚህ የሚገባው ሰው የለም፤ ብርዱ የታለና! ሰዉ ደጅ ተዘርግቶ ነው የሚያድረው።

ከቸርኬው ልጀምር። ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ አሠራርህ ግን ያው የድሮው ነው፣ ጥድፊያ። ልሙጥ ምስማር ቀዳዳ ውስጥ መጫወቱ አይቀርም። ጫፉን እንደ እርሳስ አሹለው፤ ከኋላው ሞላ አድርግለትና ሁልጊዜ ወደ ቀዳዳው ይግፋው። ያኔ ቀዳዳው ቢሰፋም ምስማሩ መሐሉን ይይዛል። ሁለተኛ፣ ምስማሩ መቁጠሪያ ነው እንጂ መያዣ አይደለም። ከመቁረጥህ በፊት ዘንጉን በሌላ ብሎን አጥብቀህ እሰር። ሦስተኛ፣ የዘንጉን ኩሽኔታ እይ። እኔ ሳለሁም አርጅቶ ነበር። ከአሮጌ መኪና አውጥተህ ቀይረው። መሣሪያ ርካሽ መሆኑ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ርካሽ ነው ብሎ መተው ነው።

ስለ ሠላሳ አንዱ ደግሞ። ስሟን አትንገረኝ፤ ምለሃል። እኔ ልንገርህ። ሚስቴ ይመኙሻል ናት። መጭመቂያው ያለው አማኑኤል ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው ቤታችን ነው። ማርሹን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ በ1948 ዓ.ም.፣ በተጋባን በዓመቱ፣ አንተ እኔ ዘንድ ሳትመጣ በፊት። በጎጃም ምድር ሌላ ባለ ሠላሳ አንድ ማርሽ አይገኝም። ጤነኛ ሰው ሠላሳ አንድ አይሠራማ!

ያሰብኩት ሠላሳ ነበር። በኮምፓስ ክቡን እየረገጥኩ ስዞር፣ የኮምፓሱ ብሎን ላልቶ ኖሮ በየእርምጃው በጥቂት በጥቂት ጠበበ። ዞሬ ስመለስ ለአንድ ጥርስ የሚበቃ ቦታ ተረፈ። ብረቱ ሁለተኛ የማይገኝ ነበርና ዝም ብዬ ሠላሳ አንድ አድርጌ ቆረጥኩት፤ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይመኙሻል ቅባት ስትቀባው በጣቷ እየነካች ቆጠረችው። «ባዘዘው፣ ሠላሳ አላልከኝም ነበር?» አለችኝ። «ሆን ብዬ ነው» አልኳት። «ታዲያ አንዱ ለማን ነው?» ብላ ከሣር ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ የሰማ ሰው ጥሏት ይሄዳል ብሎ ማን ያምናል?

ኋላ እንደገባኝ፣ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ በመሆኑ እያንዳንዱ ጥርስ ከትንሹ ማርሽ ጥርሶች ጋር ተራ በተራ ይገናኛል እንጂ ሁልጊዜ ከአንዱ ጋር ብቻ አይገናኝም፤ ሁሉም እኩል ይበላል። አሥራ ስድስት ዓመት የቆየው ለዚህ ነው። ስሕተቴ ከእኔ ይልቅ ታማኝ ሆነላት።

አከፋፈሉን አስብበታለሁ፤ አንተም አስብበት። በትንሿ ወረቀት ለብቻ የጻፍኩልህን ጥያቄ ግን ማንም ሳያይ አንብበህ መልስልኝ።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዘዘው

እንደምን ሰነበቱልኝ? መሐላውን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ። ሆኖም እሷ መሆኗን እንጂ ማርሹን የቆረጡት እርስዎ መሆንዎን አላውቅም ነበር። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። የብረት ሠሪ ሚስት ሆና፣ የራሱን የባሏን ሥራ የሚጠግን አጥታ ትመጣለች።

በትንሿ ወረቀት ላሰፈሯቸው በተራ ልመልስ። አዎ፣ ሸብታለች፤ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ስለምታስር ግን ብዙም አያስታውቅም። አላገባችም። ሁለት ሰው ሽማግሌ ልኮባት ነበር አሉ፤ ሁለቱንም ዘይት ሽጣ ሸኘቻቸው። ጉልበቷን ያማታል። ቢሆንም ከአማኑኤል እዚህ ድረስ በአውቶቡስ ስትመጣ ያን ከባድ ማርሽ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋው ነው፤ ረዳቱ «ጣሪያው ላይ ልጫንልሽ» ቢላት «እጄ አይለቅም» አለችው። ስምዎን አታነሳም፤ እኔም አላነሳሁባት። የመጨረሻውን ጥያቄዎን እኔ መመለስ አልችልም፤ እሱ ያለው እሷ ልብ ውስጥ ነው።

ያሉኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ምስማሩን አሾልኩት፤ ከተቃጠለ የእጅ ባትሪ ውስጥ ሞላ አወጣሁለት፤ ኩሽኔታውንም ከአንድ የወደቀ ላንድሮቨር ቀየርኩ። አሁን ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዘንጉን በእጄ ብወዘውዘው የፀጉር ያህል እንኳ አይንቀሳቀስም። አሥራ ሁለት ጥርስ ያለው አንድ ትንሽ ማርሽ ለሙከራ ቆርጬበት ልጆቼ መጫወቻ አደረጉት።

ለሠላሳ አንዱም መላ አግኝቻለሁ! ጎረቤቴን ቁም ጸሐፊውን መሪጌታ ምንይችልን ያስታውሷቸዋል? ብራና ላይ ከመጻፋቸው በፊት መስመሩ እኩል እንዲወርድ ጠርዙን በወስፌ እየወጉ ይሄዳሉ። ባለፈው እሑድ ተቀምጬ ሳያቸው ነገሩ ፊቴ ላይ በራ። ከእንጨት ክብ ሠራሁ፤ ዙሪያውን ለክቼ በዚያው ልክ አንድ ጠባብ ረጅም የፍየል ብራና ቆረጥኩ። መሪጌታ ሠላሳ አንድ ቦታ እኩል ወጉልኝ። በካሊብሮ ብለካው እጃቸው ከካሊብሮ የሚያንስ አይደለም። ብራናውን በክቡ ዙሪያ ጠምጥሜ ጫፍና ጫፉን ሰፋሁት። ሹሉ ምስማር ከወስፌው ቀዳዳ እየገባ ይቆጥርልኛል። በቶርኖዋ ላይ ጥርስ በጥርስ በእጅ እየገፋሁ ስቆርጥ፣ ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ በቀን ከሦስት ጥርስ በላይ አይሄድም። ቢሆንም እስከ ታኅሣሥ አልቆ ይገባል።

እንከን ካዩበት እንዲነግሩኝ ነው ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት። በግርጌው ዳር በትንሹ የጻፍኩትን ደግሞ ደፈርከኝ ሳይሉ ይመልሱልኝ።

ድረስ


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለድረስ

ደብዳቤህን አነበብኩ። የብራናው ነገር ብልሃት ነው፤ ቀጥልበት።

በግርጌው ለጠየቅኸኝ፣ ከእናንተ ዘንድ እዚህ የሚመላለሰው ጨርቅ ነጋዴ ያየው እውነት ነው። ከእኔ ጋር አየኋት ያላት ልጅ የእኔ ናት። ስሟ ማሬ ነው፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት ዐርፋለች። እዚህ የመጣሁት በባቡር ጋራዥ ስድስት ወር ሠርቼ ልመለስ ነበር። ስድስቱ ወር ዓመት ሆነ፤ ዓመቱ ሲሆን አፈርኩ፤ ሲያፍሩ ደግሞ ጊዜው ይሮጣል። ልጅቱ ስትወለድማ መንገዱ ተዘጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህን ለይመኙሻል እንዳትነግራት። ከአንተ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማው።

አሁን በኅዳር የአማኑኤል ሜዳ እንዴት እንደሚሆን ዐይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ኑጉ አበባውን ጨርሶ፣ አገሩ ሁሉ ቢጫ የነበረው ጠቁሮ ለአጨዳ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ይመኙሻል አዲሱን ኑግ በመዳፏ ጨምቃ «ዘንድሮ ዘይት አለው» ወይም «ዘንድሮ ገለባ ነው» ትላለች። ተሳስታ አላውቅም። መጀመሪያ የወጣውን ዘይት ጣቷን ነክራ ግንባሬን ትቀባኝ ነበር፤ ለምን እንደምታደርገው ጠይቄያት አላውቅም። ጥቁር አፈር እግሬ ላይ ሲጣበቅ እንኳ ናፈቀኝ ብልህ አትሳቅብኝ።

ሥራው ካልሆነልህ አትጨነቅ፤ ጻፍልኝ። እኔ ራሴ መጥቼ እቆርጠዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚችለው ከሌለ እሷም እምቢ አትልም።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዘዘው

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዛሬ ደኅና ነኝ ብዬ ልዋሽዎ አልችልም።

ማርሹ ተበላሸ። አዲሱን ብረት ከኅዳር መጨረሻ ጀምሬ በቀን ሦስት ሦስት ጥርስ ስቆርጥ ቆየሁ። ዳሱ ስለሚበርድ ከአጠገቤ ከሰል አንድጄ ነበር። ሃያኛው ላይ ስደርስ ዐይኔ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ እጄ ግን አላቆመም። ሠላሳኛውን ጨርሼ ዞሬ ስመለስ፣ የአንድ ጥርስ ቦታ ብቻ መቅረት ሲገባው የአንድ ተኩል ያህል ተረፈኝ። ብራናውን ባየው ስፌቱን በጥሶ ጫፍና ጫፉ ጣት የሚያስገባ ያህል ተለያይቷል። የጠመጠምኩት ገና የክረምቱን እርጥበት እንደያዘ ነበር፤ በጋው ሲመጣ፣ ከሰሉም ሲጨመርበት፣ ቀን በቀን ተሰብስቧል። አንዱ ጥርስ ከሌላው አይመሳሰልም።

መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ብነግራቸው ደንግጠው «አንተ ሰው፣ ብራና እኮ ክረምትና በጋ ያውቃል፤ ለምን እንደምትፈልገው መቼ ነገርከኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የነገርኳቸው ይውጉልኝ ብዬ ብቻ ነበር።

ያ ሁሉ ሲሆን እትዬ ይመኙሻል እዚሁ ነበረች። ተጠናቀቀ ብዬ አስጠርቻት በአውቶቡስ መጥታ ነበር። ማርሹን አንስታ በጣቷ እየነካች ቆጠረችው። ሲጎድልባት «በርታ ልጄ፣ ብረቱን አቃጠልክ እንጂ ቤት አላቃጠልክ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከደርቤ ጋር ለየካቲት መጀመሪያ ተነጋግራለች። መርጡለ ማርያም ላለችው አክስቷም ልካለች። አንድ ብረት ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱም ከተበላሸ ሌላ አላገኝም።

እርስዎ እንዲመጡ ልጠይቃት ብዬ ስምዎን አነሳሁ። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎ? መላ ካለዎት በፍጥነት ይላኩልኝ።

ድረስ


ድሬዳዋ፣ ጥር 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለድረስ

መጀመሪያ ይህን አንብብ፤ ከዚያ ብትፈልግ ቀሪውን ቅደደው።

ብራናው እንደሚሰበሰብ አውቅ ነበር። አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፤ ብራና ሲፍቅ፣ ሲወጥር፣ ሲዳምጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። በክረምት የወጠረውን በበጋ ዳግም ይለካው ነበር። ደብዳቤህን ያነበብኩ ዕለት ወዲያውኑ «ይህ ልጅ ተሳስቷል» ብያለሁ። ብዕር አንስቼ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ካልሆነለት ይጠሩኛል አልኩ። ከእኔ በቀር የሚችል የለም ትላለች፣ ተመለስ ትላለች፣ እኔም ለሥራ እንደተጠራ ሰው ቀና ብዬ እገባለሁ አልኩ። «ቀጥልበት» ብዬ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። አሥራ አራት ዓመት ጥያት የሄድኩት አንሶኝ፣ ያለኝን አንድ ዕውቀት ደበቅኋት። አንተንም አሞኘሁህ። በሽበቴ አፈርኩ። ይቅር በለኝ።

አሁን ትክክለኛውን ስማ። ክብ ለክተህ ለቁጥር ማካፈልህን ተው። መጀመሪያ ቁጥሩን ሥራ፤ ክቡን በኋላ በልኩ ቁረጥለት።

ጨርቅ ነጋዴዎች ጣቃ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ የብረት ጥብጣብ ለምንና አምጣ። አንዲት ትንሽ ብረት ላይ ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ብሳ፤ እሷ መርገጫህ ናት። ጥብጣቡ ላይ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ብሳ። የመርገጫዋን አንዱን ቀዳዳ በዚያ ላይ አድርገህ በምስማር ያዝ፤ በሌላው በኩል መብሻውን፣ ትራፓኖውን፣ አስገባ። እንዲህ እያልክ ሠላሳ ሁለት ብሳ። ኮምፓስ ይላላል፣ ብራና ይሰበሰባል፤ መርገጫዋ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንድ ናት። ሠላሳ ሁለተኛውን ቀዳዳ በአንደኛው ላይ ደርበህ በአንድ ብሎን እሰረው፤ የሚደረበውን ጫፍ በሞረድ አሳሳው። ይኸው ሠላሳ አንድ እኩል ቦታ ያለው ቀለበት ሆነ። ከዚያ የደረቀ፣ ዓመታት ያለፈው ወይራ ፈልግ። ቶርኖዋ ላይ አስረህ በጥቂት በጥቂት እየላጥክ ቀለበቱ ጥብቅ ብሎ እስኪገባበት አሳንሰው። ቀለበቱ ከማርሹ በሰፋ መጠን ስሕተትህ እየቀነሰ ይሄዳልና በስፋቱ አትሰስት። ከሰሉንም ከዳሱ አውጣ፤ ብርዱን ቻለው።

ልጄ፣ ይህን ከላክሁልህ በኋላ የሚጠራኝ እንደማይኖር አውቃለሁ። ቢሆንም መጭመቂያው ይዙር። ከፈለግህ ይህን ደብዳቤ አንብብላት።

ባዘዘው


ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 8 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለጋሼ ባዘዘው

እንኳን ለጾሙ አደረሰዎ። ሳልደብቅዎ፣ ደብዳቤዎን ባነበብኩ ጊዜ ተናድጄ ሦስት ቀን ዳሱ ውስጥ አልገባሁም። ለዚያ ብረት ስል ስንት ቅዳሜ ተቀምጬ ነበር! በአራተኛው ቀን አሰገደች «ያኮረፍከው አንተ፤ የሚሸጠው የሴትዮዋ መጭመቂያ» አለችኝ። ተነሣሁ።

ሁሉንም እንዳሉኝ አደረግሁ። ጥብጣቡን ከጨርቅ ነጋዴው አመጣሁ፤ መርገጫዋን ሁለት ጊዜ አበላሽቼ በሦስተኛው ልክ አገባኋት። ወይራውን ያገኘሁት ከፈረሰ ቤት ምሰሶ ነው። ቀለበቱ ሲገባበት ያሰማውን ድምፅ ቢሰሙ! ከዚያ ቆረጥኩ። ሠላሳ አንደኛውን ጨርሼ ዞሬ ስመለስ ምስማሩ የመጀመሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጥርቅም ብሎ ገባ። ብቻዬን ጮህኩ። ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ ወጣ።

ማርሹን በቅበላው ዐርብ አማኑኤል ወስጄ ገጠምኩት። ቅዳሜ ሁለት ጎረምሶች አዞሩት፤ አልተንገጫገጨም። ደርቤ በቅሎዎች ይዞ ብረቱን ሊጭን መጥቶ ነበር፤ እትዬ ይመኙሻል አንድ ጠርሙስ ዘይት ሰጥታ «ለድካምህ» ብላ መለሰችው። መርጡለ ማርያም የመሄዱ ነገር ዳግም አልተነሣም።

ያን ዕለት ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ደብዳቤዎን አነበብኩላት፤ ከ«አውቅ ነበር» ጀምሬ አንዲት ቃል ሳልዘል። ስለ ልጅቱ ግን አልተናገርኩም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቀና ብላ አላየችኝም። ስጨርስ «አምጣው» ብላ ከእጄ ወሰደችውና ራሷ ዳግመኛ አነበበችው። ለካ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ከመንደሩ ቄስ ፊደል ቆጥራለች። «ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?» ብላት ተቆጣች። «ዘይት ስሸጥ ስንት ዓመት ሰው ሲያነብልኝ ልኑር?» አለች።

ያለችኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፤ አደራ ብላኛለችና። «ለብረቱ ከሆነ የሚመጣው፣ ብረት ሠሪ አግኝቻለሁ፤ አይልፋ። ለእኔ ከሆነ ደግሞ ለእኔ ይጻፍ። ባዘዘው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጻፈው ለድረስ ነው።»

ከዚህ በኋላ እኔ መሐል የለሁበትም።

ድረስ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 24 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለይመኙሻል

እንዴት ከርመሻል ብዬ ለመጀመር አፈርኩ፤ አሥራ አራት ዓመት ያልጠየቀ ሰው ምን ብሎ እንዴት ከረምሽ ይላል? ስለዚህ ሳልጠይቅ ልናገር።

ይህን ወረቀት አምስት ጊዜ ቀድጄ ነው የጀመርኩት። አራቱ ስለ ብረት ነበሩ። ስለ ብረት መጻፍ አይቸግረኝም።

በወጣሁበት ቀን አማኑኤል አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ ሸኝተሽኝ «አትሂድ» አልሽኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያልሽው። ሁለተኛ ብትይኝ እቀር ነበር ብዬ ለዓመታት አንቺን ስከስ ኖርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ ጊዜ ይበቃል። ለስድስት ወር ብዬ ሄድኩ፤ አፍሬ ቀረሁ። ብቸኝነት መጣ፤ ከአንዲት ሴት ጋር ኖርኩ። ወለተ ሐዋርያት ትባል ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በፊት በወባ ሞተች። ከእሷ የወለድኳት ልጅ አለችኝ፤ ማሬ ትባላለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህን ከሌላ አፍ እንዳትሰሚ ብዬ ነው የምጽፈው። አንቺና እኔ ልጅ አጥተን ስንት ጠበል እንደዞርን አልረሳሁም፤ ይህ ቃል ሲደርስሽ እንደሚያምሽም አውቃለሁ።

ልጅቱን ጥዬ አልመጣም። ሰው ጥሎ መሄድ ምን እንደሚያደርግ አይቼዋለሁ።

የምመጣው ለብረቱ አይደለም። ብረቱን ድረስ ከእኔ የተሻለ ይሠራዋል። ና ካልሽኝ፣ የምመጣው ለአንቺ ነው። ድምፅሽ ናፍቆኛል፤ ስትቆጪኝ ራሱ ናፍቆኛል። እዚያ ቤት የጌትነት ቦታ አልፈልግም፤ መጭመቂያውን የሚያዞር ሰው ቢያንስሽ ክንዴ ገና አልደከመም። አትምጣ ካልሽኝም አልመጣም፤ አልቀየምሽምም። መብትሽ ነው። ብቻ መልሱ በአንቺ እጅ ይጻፍ፤ ድረስን አናድክመው።

ባዘዘው


ቴሌግራም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ድሬዳዋ፣ መጋቢት 9 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለአቶ ባዘዘው፣ ባቡር ጋራዥ

ልጅቱን ይዘህ ና። ጾሙን እዚህ ፍቱ። ይመኙሻል